ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ ካለ ሬዲዮ ለምን ይከፈታል? (ከድሬዳዋ)

ከዚራ ምሽት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ። በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የምሽት የሙዚቃ ፕሮግራም አለኝ። የጣቢያውን ስም ልተወው፤ የድሬ ሰው ድምፄን ከሰማ ያውቀኛል። ተባባሪ አዘጋጅ ነኝ። የአየር ሰዓቱን የምንገዛው እኛ፣ ስፖንሰር ለምነን የምናመጣውም እኛ። ሥራው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰሞኑን ውል ላሳድስ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ወዳለ አንድ ደንበኛችን ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው ደግ ነው። ሻይ አዘዘልኝ። ከዚያ ልጁን ጠራና «አንተ፣ የሷን ፕሮግራም ትሰማለህ?» አለው። ልጁ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ነቀለና አየኝ። ክፋት የለበትም። «ሬዲዮ? ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል?» አለ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ዩቲዩብ አለ። ስፖቲፋይ አለ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አልበም ገና ከመውጣቱ ሙሉውን የሚለጥፉ ቻናሎች አሉ። «አንቺ የምትከፍቺውን እኔ ሲያሰኘኝ እከፍተዋለሁ። ካልጣመኝ እዘለዋለሁ» አለኝ። አባትየው ሳቀ። ውሉን አደሰልኝ፤ ግን የዓመት የነበረውን የስድስት ወር አደረገው።

ልጁን ልቀየመው አልቻልኩም። ልክ ነዋ!

ይህን ሥራ ስጀምር ሰው የሚፈልገን ለዘፈኑ ነበር። «ምረጡልኝ» የሚለው ስልክ አያርፍም። አድማጩ ስልኩን ሬዲዮው ላይ ደግኖ ዘፈን ይቀዳል፤ በመሀል ካወራሁበት ይናደድብኛል። ዘፈኑ እኛ ጋ ነበራ። አሁን እኛ ጋ ብቻ ያለ ዘፈን የት አለ? ድሬ ደግሞ በዚህ ነገር ወደኋላ የምትል ከተማ አይደለችም። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው ወጣቶች ሁሉ ሁለት ሲም ይይዛሉ። የረከሰውን ጥቅል እያዩ ይቀያይራሉ።

ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። አዲስ ዘፈን ቀድሜ ልልቀቅ አልኩ። ዘፈኑ እኔ ጋ እስኪደርስ ዩቲዩብ ላይ ሰው ሰልችቶታል። ወሬ ልቀንስና ዘፈን በዘፈን ላድርገው አልኩ። ያኔ ደግሞ ማስታወቂያ የበዛበት፣ መዝለል የማይቻልበት ስፖቲፋይ ሆንኩ። ወሬ ልጨምር አልኩ። አንድ አድማጭ ደወለና «እህቴ፣ ዘፈኑን ልቀቂውና አንቺ ውሃ ጠጪ» አለኝ፤ በቀጥታ ሥርጭት። የሥራ ባልደረባዬ የዘፋኞችን የፍቅርና የፀብ ወሬ ከቲክቶክ እየለቀምኩ እንዳወራ ይመክረኛል። ያን ወሬ ራሱ ቲክቶክ አውርቶ ጨርሶት የለም እንዴ?

ሁለት ሰዓት አለኝ። ማይክ አለኝ። ሁሉም ሰው ያለው ዘፈን አለኝ። ምን ብሠራበት ነው ያ ልጅ ማዳመጫውን የሚነቅለው? «ሬዲዮ አይሞትም» የሚል ማጽናኛ ግን አደራ እንዳትሰጡኝ። እሱን ጠግቤያለሁ።

የሳቢያን ባጃጅ፦

አቦ እኔ ልንገርሽ፣ አድማጭሽ ነኝ። የትኛዋ እንደሆንሽ አውቄሻለሁ ወላሂ።

ባጃጄ ላይ ፍላሽ አለ። እስከ አፍንጫው ሞልቷል። ግን እየነዳሁ ስልክ አልነካም፤ ፍላሹ ደግሞ እነዛኑ ዘፈኖች እያዞረ ነው የሚያመጣቸው። ከከዚራ ሳቢያን ስመላለስ ውዬ ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን ከሱ በፊት እኔ እጀምረዋለሁ። ያኔ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ምን እንደሚመጣ አለማወቄ ነው ደስ የሚለኝ።

የሚያስጠላኝን ልንገርሽ? ድሬ ቁጭ ብሎ ስለ ቦሌ መንገድ መጨናነቅ የሚያወራ አዘጋጅ። ቦሌን እኔ ምን ላድርገው? ቤንዚን የትኛው ማደያ ገባ? ሰልፉ የት ደርሷል? ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ዘንቧል ወይ? የደቻቱ ወንዝ እኮ እዚህ ጠብ ሳይል ከላይ በዘነበው ነው የሚመጣው። በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ የወሰደውን ሰው ማን ይረሳል። እሱን ስፖቲፋይ አይነግረኝም። አንቺ ነግረሽኝ ወደ ዘፈንሽ ብትመለሺ አልዘጋሽም።

ደግሞ ያንቺ ሰዓት ሰው ከበርጫ ተነስቶ የሚሳፈርበት ነው። ከበርጫ የመጣ ተሳፋሪ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። በዛ ሰዓት የሚጮህ ዘፈን አትክፈቺብን፣ ለስለስ ያለ ነገር ፈልጊ። ይኸው ነው።

ዳታ ጨረሰ፦

ሐረር ነኝ። ያ ልጅ እኔ ልሆን እችል ነበር፤ ስለዚህ የኛን ወገን ላውራ።

ሬዲዮ የማልከፍተው ዘፈኑ ስልኬ ላይ ስላለ ብቻ አይደለም። አቅራቢዎቹ ስለሚያበሳጩኝ ነው። ዘፋኙ መዝፈን ከጀመረ በኋላም ያወራሉ። መጨረሻው ላይ ሳክስፎኑ ዋናው ቦታ ሲደርስ ቆርጠው ማስታወቂያ ያስገባሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይኼ ነው፤ የማላውቀውን ዘፈን እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ የማን እንደሆነ እጠብቃለሁ። አይናገሩም! ቀጥታ ወደ ሳሙና ማስታወቂያ። አንድ ዘፈን እንዲህ ሆኖ አምልጦኝ እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ። ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚነግረው ሻዛም ላይም አላገኘሁትም።

አፑም ግን ያን ያህል አይደለም። ከሐረሪ ዘፈን ጀምሬ ዝም ብዬ ብተወው ትንሽ ቆይቶ አዲስ አበባ ያደርሰኛል፣ ከዚያ ናይጄሪያ። «ላንተ የተመረጠ» ብሎ የሚያመጣልኝም ባለፈው ወር ራሴ የከፈትኩትን ነው። ዳታውም ብር ነው። ስሜን ያያችሁ መስክሩልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አንቺ ቤትሽ ስትሆኚ ዘፈን የምትሰሚው በምንድን ነው?

ከዚራ ምሽት፦

በስልኬ። ምን ልዋሽህ።

ሸዋ በር፦

እህቴ፣ እኔ ሐረር ማይክ ፊት ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። በካሴት ጀምሬ፣ በሲዲ አልፌ፣ ኮምፒውተር ላይ ደርሼ ጡረታ ወጣሁ። ጥያቄሽ እኔንም ሲያስጨንቀኝ የኖረ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልርዘም።

መጀመሪያ ስለ ተፎካካሪዎችሽ። አፕል ሚዩዚክ በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ሲከፈት ከ30 ሚሊዮን በላይ ዘፈን ይዞ ነበር። ያን ሁሉ ይዞ ምን አደረገ መሰለሽ? ከቢቢሲ ሬዲዮ 1 ዜን ሎው የሚባለውን አቅራቢ አስመጥቶ ቢትስ 1 የሚባል፣ ቀኑን ሙሉ በቀጥታ የሚተላለፍ ሬዲዮ ከፈተ። ስፖቲፋይ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ «ዲጄ» የሚል ነገር አወጣ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ድምፅ ነው። በዘፈኖቹ መሀል እየገባ ያወራሻል። ድምፁ የተወሰደው ከራሱ ከድርጅቱ ሠራተኛ ከዛቪየር ጀርኒጋን ነው። እንግዲህ አስቢው። የዓለም ዘፈን ሁሉ እጃቸው የገባ ሰዎች ምን ጎደለን ብለው ሲፈልጉ ያገኙት ያንቺን ወንበር ነው።

ያ ድምፅ ግን ደንገጎ ላይ መዝነቡን አያውቅም። ባለ ባጃጁ የጻፈውን ደግመሽ አንብቢው።

ማሽኑ ዘፈን እንዴት እንደሚመርጥ ማወቅም ይጠቅምሻል። ስፖቲፋይ ከ2007 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ለያንዳንዱ ሰው የዘፈን ዝርዝር ያወጣል። ዋናው መሠረቱ ጆሯቸው ያንቺን የሚመስል ሌሎች ሰዎች በዝርዝራቸው ላይ የትኛውን ዘፈን ከየትኛው ጋር አስቀመጡ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚሰማው ሙዚቃ ላይ ግሩም ይሠራል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን የሐረሪ ዘፈን መርጦ ዝርዝር ሠርቶ የሚያስቀምጥ ስንት ሰው አለ? ማንም ጎን ለጎን ያላስቀመጣቸውን ሁለት ዘፈኖች ማሽኑ ዝምድናቸውን ከየት ያውቃል? ወጣቱ ከሐረሪ ተነስቶ ናይጄሪያ የደረሰው በዚህ ይመስለኛል።

አንቺ ዝምድናቸውን ታውቂያለሽ። አፍረን ቀሎ የሚባሉት የኦሮምኛ ባንድ በ1950ዎቹ እዚያው ድሬዳዋ የዘፈኑትን ከፍተሽ፣ የዚያን ዘመን የሐረሪ ዘፈን ታስከትያለሽ፣ ከዚያ በጅቡቲ በኩል የመጣ የሶማሊ የኡድ ዘፈን። አፑ በቋንቋ በቋንቋ ከፋፍሎ ያስቀምጣቸዋል። ያሳደጋቸው ግን አንድ መንደር ነው። አሊ ቢራ ራሱ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም ዘፍኗል። የድሬ ሰው ይኸን ሲሰማ ግራ አይገባውም። ሌላ ከተማ ብትሆኚ እንዲህ አድርጊ አልልሽም ነበር።

አሊን ካነሳሁ አይቀር። ያረፈ ዕለት፣ እሑድ ጥቅምት 27 ቀን 2015፣ እኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። ዘፈኖቹ የሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ነበሩ፣ ያውም በነፃ። ሰው ግን ሬዲዮ ከፈተ። ስልካችን አላረፈም። «ይህን ዘፈን ልቀቁልኝ» ብሎ የደወለ ጥቂት ነው። አብዛኛው ለመናገር ነው የደወለው፤ መጀመሪያ የት እንደሰማው፣ ከማን ጋር እንደሰማው። አንዲት እናት መስመር ላይ ገብተው መናገር አቃታቸው። ቴክኒሺያኑ በመስተዋቱ በኩል «ልቁረጠው?» ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። ተው አልኩት። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ወንጀል ነው ተብለን ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን ዝም አልን፣ ለቅሷቸው ተሰማ፣ ከዚያ ምንም ሳልጨምር ዘፈኑን ለቀቅኩ። ለቅሶ ድንኳን ይፈልጋል፤ ስልክ ደግሞ ለአንድ ሰው የምትበቃ ጥላ ናት።

ይሁንና በየቀኑ ትልቅ ሰው አይሞትም፣ አይሙትም። ስለዚህ ወደ ተራው ቀን ልመለስ።

የሐረሩ ልጅ፣ «ዳታ ጨረሰ»፣ ስለ ዘፈን ስም የተናገረው ትክክል ነው፤ ሥራችንን ስንተው ነው እንዲህ የሚሆነው። በካሴት ዘመን የሽፋኑ ወረቀት ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን ተብሎ ይጻፍ ነበር። እኛም አንብበን እንናገራለን። አፑ ላይ ፊት ለፊት የሚታይሽ የዘፋኙ ስምና ፎቶ ነው። አንቺ የቀረውን ተናገሪ። መቼ? ዘፈኑ ሲያልቅ። ሳይጀምር የምትናገሪውን ማንም አይሰማሽም፤ ሰው ገና ላልወደደው ዘፈን ግጥሙን ማን እንደጻፈው ምን ገዶት? ከወደደው በኋላ ግን የሳክስፎን ተጫዋቹን ስም ብትነግሪው አይረሳውም። ደግሞ ስም ብቻ ንገሪውና ተይው። ዊኪፔዲያ አታንብቢለት።

ስለ መግቢያም አንድ ነገር። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተሰማ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ከተደመጠ ነው። ስለዚህ የአሁን ዘፈን ሰው ሳይዘለው ቶሎ ወደ ድምፁ ለመግባት ይጣደፋል። የድሮዎቹ ግን አይቸኩሉም። ባንዱ ተዝናንቶ ይጫወታል፣ ዘፋኙ ቆይቶ ይገባል። ያ መግቢያ ያንቺ ቦታ ነው። ሰዓቱን እያየሽ አውሪበት። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት አንቺ ዝጊ። አንድ ቃል እንኳ ከተረፈሽ ይቅር፤ ከዘፋኝ ጋር አይሻሙም።

በመጨረሻ ካሴት። ጀጎል ውስጥ፣ መጋላ ውስጥ፣ ገንደ ቆሬ ውስጥ፣ በየቤቱ ሳጥን አለ። የሠርግ ቅጂ አለበት፣ ከጅቡቲና ከየመን የመጣ አለበት፣ ስሙ ያልተጻፈበትም አለ። ይኸ ስልክ ውስጥ የለም። ባለቤቱን ከነካሴቱ ስቱዲዮ አምጪው። ካሴቱን ከማን እንደገዛው፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳይነካ ይከለክል እንደነበር ያውራ። ዘፋኙ በሕይወት ካለ አስፈቅጂው፣ ካለፈ ቤተሰቡን። ስሙ የማይታወቅ ካሴት ከሆነ ደግሞ ልቀቂና «ይህ ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። አድማጭ ከጠያቂነት ወደ መላሽነት ሲዞር ስልክሽ አያርፍም።

ኮንሶል፦

ጋሼ ያሉት ደስ ይላል። እኔ ቴክኒሺያን ስለሆንኩ ወደ ብሩ ልምጣ።

«ሳክስፎኑ ላይ ቆርጠው ማስታወቂያ ያስገባሉ» የተባለው አቅራቢው ጆሮ ስለሌለው አይደለም። ስፖንሰር በሰዓት ውስጥ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተጠራ ተቀምጦ ይቆጥራል። ማስታወቂያው ካለፈ ደግሞ ይደውላል። ከዚራ ምሽት፣ እኔ ብሆን አዲሱን ውል ስፈራረም እንዲህ ብዬ አጽፋለሁ፤ ማስታወቂያው ተጠቃሎ በሁለት ቦታ ይገባል፣ በምትኩ አንዱ ክፍል በስፖንሰሩ ስም ይጠራል። የካሴቱ ሰዓት ለምሳሌ። ብዙ ጊዜ ከመጠራት አንዴ በደንብ መጠራት እንደሚሻለው አስረጂው።

ሌላው ችግር፣ ስፖንሰሩ አድማጭሽን አያየውም። አፕ እያንዳንዱን ጆሮ ይቆጥራል። አንቺ ስልክ የደወለልሽን ብቻ ነው የምታውቂው። ስለዚህ የሚቆጠር ነገር ስጪው። የእንግዳውን ወሬ ቆርጠሽ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ አውጪ። ዘፈኑን ግን አትጨምሪበት። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል መለያ አለው። የተመዘገበ ዘፈን ካገኘ ገቢውን ለባለመብቱ ያዞራል፣ ወይ ቪዲዮውን ያግደዋል።

እና ይኼን መናገር ማንም አይወድም፤ እኛ ሬዲዮኖች ለአየር ሰዓት እንከፍላለን፣ ለዘፋኙስ? የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕ ሲከፍቱ ሐሳቡ አድማጩ ከፍሎ ባለሙያው ድርሻውን እንዲያገኝ ነበር። ኋላ ሰዋስው የሚባለው ሌላ አፕ መጣ። ስለዚህ «አፕ መጣብን» ስንል ዘፋኙ በሌላ በኩል ሆኖ «ተመስገን» እያለ እንደሆነ አንርሳ።

ሸዋ በር፦

ይህ አያከራክረኝም። ለባለሙያው መከፈል አለበት።

በቁጥሩ ላይ ግን ትንሽ። በ2002 ዓ.ም. ቢቢሲ 6 ሚዩዚክ የሚባለውን ጣቢያውን ሊዘጋው አቅዶ ነበር። በኤፍ ኤም የማይገኝ፣ በዲጂታል ብቻ የሚሰማ የሙዚቃ ጣቢያ ነው። አድማጮቹ ተነሱበት። ሰልፍ ወጡ፣ ደብዳቤ ጻፉ። ሳይዘጋ ቀረ፤ በዚያው ግርግር አድማጩም ጨመረ። ጥቂት ሆነው የሚጮኹልሽ አድማጮች ካሉሽ ቀላል አይደለም።

ከዚራ ምሽት፦

ጋሼ፣ ቢቢሲ እኮ ታይዋን ሄዶ ስፖንሰር አይለምንም። :)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ባልቀበልም የምሞክረው አገኘሁ።

የዘፈኑን ባለቤቶች ስም መጨረሻ ላይ መናገር ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ብር አይጠይቅም። የማስታወቂያውን ነገር ከስፖንሰሮቹ ጋር አወራለሁ፤ አንዱ እሺ እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ሌላው አይቀበልም። አምልጦት እስከ ዛሬ የሚፈልገው ዘፈን ያለው ልጅ፣ የምታስታውሰውን ስንኝ እዚህ ጻፍልኝ። አየር ላይ አነበዋለሁ። አንድ ሰው ሳያውቀው አይቀርም።

የሦስቱ ቋንቋ ነገር ትንሽ ይከብዳል። ጣቢያችን የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ሰዓት ለየብቻ ነው ያለው፤ እኔ የአማርኛው ላይ ነኝ። ዘፈን ማቀላቀል ማንም አይከለክለኝም። ደዋዩ ግን በገዛ ቋንቋው ያውራ ካልኩ ከኃላፊዎቹ ጋር መነጋገር አለብኝ። ኦሮምኛው አያቅተኝም። ሶማሊኛ ላይ ከሰላምታ አላልፍም፤ የሶማሊኛው ሰዓት አዘጋጅ ግን ጎረቤቴ ስለሆነች አስቸግራታለሁ።

ወንድሜ ባለ ባጃጁ፣ የቤንዚኑን ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልገባበትም። ባልተጣራ ወሬ «ገብቷል» ብዬ የከተማውን ባጃጅ ሁሉ አንድ ማደያ ላይ ባሰልፈው ምን ይውጠኛል? ቀድሞም እንዲህ የሚያስወሩ ደዋዮች ነበሩ።

ለካሴቱ ደግሞ ካሴት አላጣሁም። መጋላ ያሉ አንድ አባት ሳጥናቸውን ሊከፍቱልኝ ቃል ገብተዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን የሚሠራ ቴፕ የለም። ያለው የሚያውቅ?

የሳቢያን ባጃጅ፦

አቦ አትፍሪ። እኔ ራሴ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምደውልልሽ፣ በወሬ አይደለም። ደግሞ ብዙ ነን፤ ሁለት ሦስት ሰው ከደወለልሽ በኋላ ተናገሪ።

ቴፕ አጎቴ ቤት አለ። ትልቁ፣ ባለ ሁለት ካሴት። ቺንጋው ተበጥሷል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ቀፊራ አካባቢ የሚጠግን ሽማግሌ አለ፣ ወስጄ አሠራልሻለሁ። የቺንጋውን አንቺ ትከፍያለሽ፣ የባጃጁ በኔ።

ዳታ ጨረሰ፦

ስንኙን በውስጥ እልክልሻለሁ፣ እዚህ ብጽፈው ይስቁብኛል። ሐረር ላይ ጣቢያችሁ ይያዛል ወይ? ካልያዘ ወሬውን ቴሌግራም ላይ አውጪልን።

ኮንሶል፦

ቴፑ ከተጠገነ በኋላ ቀጥታ አየር ላይ አታውሉት። መጀመሪያ ሄዱን፣ ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት፤ ስንት ዓመት የቆየ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ከዚያ በደንብ የምታውቁትን ዘፈን አጫውቱበትና ፍጥነቱን ስሙት። አዲስ ቺንጋ ልኩ ካልሆነ ፍጥነቱ ይዛባል፤ ከላላ ዘፋኙ ይጎተታል። የአባትየውን ካሴት ደግሞ አንዴ ብቻ አጫውታችሁ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፤ ማታ የሚለቀቀው ቅጂው ይሁን። የድሮ ካሴት በቀጥታ ሥርጭት መሀል ከተጠመጠመ እርሳስ ይዤ የምሮጠው እኔ ነኝ።